ቀለም ብቻ የቀረው ብስክሌት

ጋሽ ያዕቆብን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስንት ልጅ እንዳላቸው አላውቅም፤ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸውም አላውቅም። ቤታቸው ኮምቦልቻ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስዘጋጅ ኖሬያለሁ። የማውቀው፣ እሑድ ጠዋት ከጸሎት ጉባኤያቸው እንደማይቀሩና ሰኞ ጠዋት ስልክ እንደማያነሡ ብቻ ነው።

እናንተ ግን ታውቋቸዋላችሁ። ጋሽ ያዕቆብ የሌሉበት ከተማ በአገራችን አልተቆረቆረም። ልብስ ሰፊ ሆነው ከመጡ «አልቋል፤ የቀረው ቁልፍ መትከል ነው» ይሏችኋል። አናጢ ሆነው ከመጡ «አልቋል፤ የቀረው ቫርኒሽ ነው» ይላሉ። የእኔ ዕጣ የደረሰው ከብረት ሠሪው ነው። በር፣ መስኮትና አልጋ የሚበይዱት፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ከብረት ቱቦ ብስክሌት የሚሠሩት ሊቀ ብየዳ ጋሽ ያዕቆብ፣ «አልቋል፤ የቀረው ቀለም ብቻ ነው» ይላሉ።

እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ወረቀት ሳባዛ የምውል የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ብስክሌት ኖሮኝ አያውቅም። ልጅ ሳለን ሰኞ ገበያ አጠገብ በዙር የሚከራዩ ብስክሌቶች ነበሩ፤ ሁሉም ለትልቅ ሰው የተሠሩ። ኮርቻው ላይ ስወጣ እግሬ ፔዳሉን ስለማያገኘው፣ አንዱን እግሬን በብረቱ መሐል አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ ነበር የምነዳው። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ደግሞ፣ ከኮምቦልቻ ሽቅብ የመጡ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች በትምህርት ቤታችን በር አለፉ። ፊታቸውን አላስታውስም። የማስታውሰው የጎማዎቹን ድምፅ ነው። ቀጭን ጎማ አስፋልት ላይ ሲሄድ፣ አንድ ሰው ከሩቅ በስምህ ሊጠራህ ጀምሮ የተወው ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በራሴ ልክ በተሠራ ኮርሳ፣ በዚያ ባለ ቀጭን ጎማ የውድድር ብስክሌት፣ እግሬ ሳይንጠለጠል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ አንድ ቀን መውረድ። በዚህ ዕድሜ ይህንን ለሰው መናገር ያሳፍራል። ለባለቤቴ ለሥርጉት እንኳ የነገርኳት መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው፤ ፊቴን እንዳታይ። «ግራ ጉልበትህ ደረጃ መውጣት እየተወ ነው። ካሰብክ ፍጠን» አለችኝ።

ፈጠንኩና ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሽ ያዕቆብ ዘንድ ሄድኩ። ከመፍጠን ጋር የተለያየነው ያኔ ነው።

«ጫማህን አውልቅ» አሉኝ፣ ገና ስሜን ሳይጠይቁ። አወለቅሁ። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ሲባጎ አውጥተው ዘረጉና ልክ ይወስዱልኝ ጀመር። ሜትር አይነኩም፤ «ሜትር ለጨርቅ ነው» ይላሉ። ከብብቴ እስከ ጣቴ ጫፍ አንድ ቋጠሮ፣ ከአንገቴ ሥር እስከ ወገቤ አንድ ቋጠሮ፣ ከብሽሽቴ እስከ ተረከዜ አንድ ቋጠሮ። መጨረሻ ላይ እንደ ሐኪም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩኝ።

«የት ልትነዳው ነው?»

«ከደሴ ወደዚህ።»

«ስትመለስስ?»

«በሚኒባስ። ጣሪያው ላይ አስጭኜ።»

«ለመውረጃ ብቻ ብስክሌት የሚያሠራ ሰው ሳይ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አሉ። «ይሁን። አጥንቱን ለቁልቁለት እሠራዋለሁ።» ሌላው ሰው የብስክሌት አካል የሚለውን እሳቸው አጥንት ነው የሚሉት። ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ፤ ካርቶን ቀድደው «ወንድምአገኘሁ፣ ደሴ» ብለው ጻፉና ከሲባጎው ጋር ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ግድግዳው ላይ ከአሥር የማያንሱ ሲባጎዎች ተሰቅለዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ልክ የሆነ ነገር በስሜ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«ለፋሲካ ና» አሉኝ። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።

ለፋሲካ ስሄድ የሙሽራ አልጋ መጥቶባቸዋል። «ሙሽራ ይጠብቃል እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይጠብቅም። ክረምት ላይ ስሄድ ሁለት ቱቦ ተበይዶ ጥግ ላይ ቆሟል። «ትናንት ነው እሳት የነካው፤ ብረቱ ይረፍ» አሉ። በመስከረም ብረቱ አላረፈም። በኅዳርም ደክሞታል። ስልክ ስደውል ከኋላቸው መዶሻ እየጮኸ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላሉ። እነዚያ ሙሽሮች ወልደው ለልጃቸው አልጋ ሊያሠሩ ሲመጡ እኔ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሕፃኑ አልጋ በአራት ቀን አለቀ። ቀለሙም ጭምር።

እንዲህ እየሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ መውረድ ልማዴ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የቁጣ ንግግር አጠናለሁ፤ «ጋሼ፣ እኔም ሰው ነኝ፣ እኔም ጉልበት አለኝ፣ ያውም የሚያመኝ!» ግን መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ንግግሩ ይጠፋኛል። በየኩርባው፣ ሳላስበው፣ ብስክሌት ላይ እንዳለ ሰው ወደ ውስጥ እጋደማለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ወንድሜ፣ ራስህን ቻል እንጂ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቀጣዩ ኩርባ ላይ ደግሞ ተጋደምኩባቸው። ስደርስ ጋሽ ያዕቆብ ከብየዳ መነጽራቸው ሥር አሻግረው አይተው፣ «መጣህ? ሰዒዳ፣ ለወንድምአገኘሁ ሻይ» ይላሉ። ሰዒዳ ከጎናቸው ሻይ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማይዘገይ ሴት ናት። ሻዩን ታስቀምጥና «ወላሂ፣ ከዚህ ሁሉ በእግርህ ብትወርድ እስካሁን መቶ ጊዜ ደርሰህ ነበር» ትለኛለች። ያጠናሁት ቁጣ ከስኳሩ ጋር ይሟሟል።

ባለፈው የካቲት ግን እሳቸው ራሳቸው ደወሉልኝ። «ና» አሉና ዘጉት።

ስደርስ ብስክሌቷ ቆማለች። አጥንቷ አልቋል፤ ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ የጎበጠው መሪ፣ ሁሉም ከአሮጌ ኮርሳዎች ተፈልጎ ተገጥሟል። ቀለም አልነካትም፤ የብየዳው መጋጠሚያ በሞረድ ከመለስለሱ የተነሣ ጣቴን ሳሳልፍበት የት ጋ እንደተቀጠለ አጣሁት። እኚያ የበር መቀርቀሪያ እንደ ነገሩ ለጥፈው የሚሰጡ ሰው ናቸው ይህን የሠሩት።

«ውጣ» አሉኝ፣ ኮርቻውን ይዘው።

ወጣሁ። ሁለቱም እግሮቼ አየር ላይ ቀሩ። ጋሽ ያዕቆብ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረዱት፤ ጣቴ ብቻ ፔዳሉን ዳበሰ። እጄን ወደ መሪው ስዘረጋ ደረቴ ብረቱ ላይ ተኛ። ሰኞ ገበያ ላይ ያለሁ ልጅ ሆንኩ።

ሰዒዳ ብርጭቆዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ወንድምዬ፣ አንተ ነህ ያጠርከው?»

«ብረቱ ይረፍ ሲሉ ከርመው» አልኳት፣ «አርፎ አደገ።»

ጋሽ ያዕቆብ አልሳቁም። ሄደው የእኔን ሲባጎ ከነካርቶኑ አወረዱና ቱቦው ላይ አስተኙት። በአራት ጣት አጠረ። ከዚያ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛቸው ዞረው፣ መጋዙ አጠገብ የነበረ ሌላ ሲባጎ አነሡ፤ ከዘይትና ከዕድሜ የጠቆረ፣ ስም ያልታሰረበት። ቱቦው ላይ አስተኙት። ቋጠሮው ልክ መጋጠሚያው ላይ አረፈ።

ሰዒዳ ናት «እስቲ እርስዎ ይውጡባት፣ ጋሼ» ያለቻቸው።

እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሰንሰለቱ እንዳይዘው የሱሪያቸውን እግር በዚያው በጥቁሩ ሲባጎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰሩ፤ ኮርቻውን ከፍ አድርገው ወጡ። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቀጥ ብሎ ደረሰ። እጃቸው ሳይፈልግ መሪውን አገኘ። ብስክሌቷ ልካቸው ናት። ጀርባቸው ላይ ብቻ ትንሽ ረዘመችባቸው፤ አርባ ዓመት ያህል።

ወደ ደጋን ከተማ በሚወስደው መንገድ ታጠፉ። ያንን የጎማ ድምፅ ሰማሁት። አሁንም የጠራው እኔን አልነበረም፤ ሆኖም እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩት።

«ድሮ ይነዱ ነበር እንዴ?» አልኳት ሰዒዳን።

«አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ሻይ ሸጫለሁ፤ ሲቸኩሉ እንኳ አይቼ አላውቅም» አለች። «ብትጠይቃቸውም ወሬውን ወደ ብረት ነው የሚመልሱት።»

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው መጡ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ወርደው ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ አስደገፉና፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ እጃቸውን ኮርቻው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ የብረት መጋዙን አነሡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «እዚህና እዚህ ጋ ቆርጬ በአንተ ልክ አሳጥራታለሁ። ሐሙስ ና።»

ሐሙስ። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ ቀን እንደሆነ አወቅሁ፤ ሲናገሩት ያስታውቃል። ከፊቴ ያለው መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ ኩርባው፣ ነፋሱ፣ ጉልበቴ ሳይታጠፍብኝ የምወርደው ቁልቁለት። መጋዙ ቱቦው ላይ ተቀመጠ። እጃቸው ብቻ አልተንቀሳቀሰም።

«አይቆረጥ» አልኩ። ያጠናሁት ንግግር ይህ አልነበረም። «ይህቺ ትቀመጥ። የእኔን እንደገና ሀ ብለን እንጀምር።»

«ጉልበትህስ?»

«እስክታልቅ ይረፍ።»

መጋዙን አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥቁሩን ሲባጎ መፍታት ጀመሩ፤ ቋጠሮዎቹን እንዳይነኩ ቀስ እያሉ። እንደዚያ ጎንበስ ብለው ሳያቸው፣ ብስክሌቴ አልቃ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ቅዳሜዎች ወዴት እወርድ ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። መጠየቅ እንደማልችልበት አውቃለሁ፤ ግን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲባጎ የማን ልክ ነው?»

ጥቁሩን ሲባጎ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከመሳቢያው አዲስ ሲባጎ አወጡና ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው ወጠሩት።

«ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሰው ይለወጣል» አሉ። «ጫማህን አውልቅ።»