ነፋስና ስድስት ጋቢ

እኛ ሐበሾች በፖለቲካም በሽሮ አሠራርም ስንጨቃጨቅ ዘመን የምንፈጅ ሰዎች ነን። አንድ ነገር ላይ ግን ስብሰባ ሳንጠራ ተስማምተናል፦ መስኮት ይዘጋ። ካምፓላ ታክሲ ውስጥ ሰው ተጠቅጥቆ፣ ላብ በጀርባው እየወረደ፣ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዞር ብላችሁ አትድከሙ። ያገራችሁ ሰው ነው። በእንዲህ ያሉ ሰዎች እስቅ እንደነበር ከወዲሁ ልናዘዝ።

እትዬ ጽጌ እዚያው ካምፓላ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለው በዋንዴገያ ሰፈር በኪራይ ቤት ምግብ ሲሸጡ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይተው፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ምግብ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። ሁለት ንድፍ ቀረበላቸው። አንደኛው ፊቱ መስታወት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቅዝቃዜው ከኤሲ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ናካቶ የምትባል ኡጋንዳዊት ኢንጅነር ያመጣችው ሲሆን፣ ግድግዳው ወፍራም ጡብ፣ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ነው፤ ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ለመሥራት ውድ ነው። ናካቶ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ የየዓመቱን ወጪ ጻፈችው። መጀመሪያ ላይ መስታወቱ ይረክሳል፤ እየቆየ መብራቱ፣ ጥገናው፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲደመር ጡቡ ጥሎት ይሄዳል።

አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉኝ። «ይሄ የዐሥራ ሁለት ዓመት ጉልበቴ ነው። ከተበላሸ ሌላ የለኝም።»

«በኔ ይሁን እትዬ! ኤሲ በየወሩ ደመወዝ የሚጠይቅ ሠራተኛ ነው። ነፋስ በነፃ ነው የሚሠራልዎት» አልኳቸው። አነጋገሬ ለራሴም ጣፈጠኝ።

የጡቡ ቤት ተሠርቶ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወሉ። «ና እስቲ፣ በነፃ የሚሠራውን ሠራተኛህን እየው!»

ሄድኩ። ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የታችኞቹ ቀዳዳዎች በሙሉ በጋዜጣ፣ በፌስታልና በካርቶን ተወትፈዋል። ወገኖቼ ግንባራቸውን እየጠረጉ በሰላም ይበላሉ።

«ነፋሱ ወገብ ይይዛል ይላሉ። ከፍቼ ዘወር ስል ይደፍኑታል» አሉ እትዬ ጽጌ። «የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ ደግሞ ሞቀን ብለው እየወጡ ነው። አሁን ኤሲ በምኔ ልግዛ?» እኔም አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ያ ሁሉ ዝርዝር ሲጻፍ ሐበሻ ነፋስ እንደሚፈራ ማሰብ የነበረብኝ እኔ እንጂ ናካቶ አልነበረችም።

እሷም ተጠርታ መጣች። እኔ እፍረቴን በንግግር ልሸፍን ብዬ ከጀርባዬ ያለውን ካርቶን ነቀልኩና፣ ስለ ወገኖቼ ኋላ ቀርነት በእንግሊዝኛ አስረዳት ጀመር። ናካቶ አፌን ሳይሆን እጄን ታያለች። ዞሬ ሳይ፣ እጄ ካርቶኑን መልሶ እየወተፈው ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄው ነው። እትዬ ጽጌ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«አገራችሁ ሲበርዳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ስትል ጠየቀች ናካቶ።

«ጋቢ እንለብሳለን» አልኳት።

«ታዲያ ቤቱን ለምን ታፍኑታላችሁ? ሰዎቹን አልብሷቸው!»

እትዬ ጽጌ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ስድስት ጋቢ አስመጥተው በሩ አጠገብ ሰቀሉ። ያገሬ ሰው ይገባል፣ አንዱን ያነሣል፣ ተጀቡኖ ነፋሱ መሐል ይቀመጣል። ከጎኑ ተማሪዎቹ በካናቴራ ይበላሉ። ቀዳዳ የሚወትፍ ጠፋ፤ ቤቱ ሞልቶ ወንበርም ጠፋ። ናካቶ በዝርዝሯ ላይ «ጋቢ፣ ከነማጠቢያው» የሚል መስመር ጨመረች። ያም ተደምሮ ጡቡ አሸነፈ።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ እየጣለ ለምሳ ገባሁ። መስቀያው ባዶ ነው። አምስቱን ጋቢ ተማሪዎቹ ለብሰውታል። ስድስተኛው ውስጥ ኢንጅነር ናካቶ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ሾርባ ትጠጣለች። የቀረው ወንበር ቀዳዳው አጠገብ ነበርና በሸሚዜ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ወገቤን ሲዳስሰኝ በዓይኔ ካርቶን ፈለግሁ።

እትዬ ጽጌ አስቀድመው ደብቀውታል።