ቃል ቆጣሪው በለቅሶ ቤት

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዎች አንድ ላይ ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ ቆመው ሳይ ልቤ ፈራ። እህቴ ከአገር ቤት እኔን ትታ ለእነሱ በቫይበር ደውላ ነበር። ጋሽ ገብረመድህን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ የሰው ልጅ... እንግዲህ እማማም... እንግዲህ..." ሲሉ ከኋላቸው ሶፎንያስ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። እናቴ ማረፏ የገባኝ በሦስተኛው "እንግዲህ" ነው። ሦስተኛ መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው።

ሐበሻ ባለበት ሁሉ፣ ሌላው ሲናገር የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የኦስሎው፣ ዶክተር ሊባሉ ጥቂት የቀራቸው ክቡር ሶፎንያስ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያጠኑት ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ የእንግሊዝ መነኮሳት በመንፈሳዊ ግጥሞቻቸው የትኛውን ቃል ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ ነው። ችግሩ፣ ሥራቸውን ቢሮ ትተው አይወጡም። አንድ ሠርግ ላይ ጋሽ ገብረመድህን መርቀው እንደጨረሱ ሶፎንያስ ጠጋ ብለው፣ "'ልጆች' አሥራ አንድ ጊዜ፣ 'ፍቅር' ዜሮ" አሏቸው። ሽማግሌው እንደገና ተነሥተው መረቁ።

ለቅሶዬም ላይ ሶፎንያስ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የማጽናኛውን ቃል በጭረት ይቆጥር ጀመር። ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ሐዋ የለቀስተኛ ስም መዝጋቢ መሰላት።

"ወንድሜ፣ እኔንም ጻፈኝ። ትናንትም መጥቻለሁ።"

ጻፋት። ያን ያየ ሁሉ ተሰለፈ። ከተሰለፉት ደበላማ፣ "ትናንት ሆስፒታል ቫክት ነበረኝ፣ ተረኛ ነበርኩ፤ በእናትህ ቀሪ እንዳትለኝ!" ብሎ ለመነው።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነበር። በአርባዋ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን መጻፍ አለብኝ። "ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበረች" ብዬ ጀመርኩና ሦስት ቀን እዚያው ላይ ቆምኩ። ሶፎንያስ ወረቀቱን አየው።

"'ደግ' እዚህ ቤት ሰማንያ ሦስት ጊዜ ተብሏል። እነዚያ መነኮሳት አንዱን ጌታ ጠባቂ፣ ገዢ፣ ሕይወት ሰጪ እያሉ በስንት ስም ነው የሚጠሩት! አንተ ለእናትህ አንድ ቃል?"

"ምን ልበላት ታዲያ?"

"ምን ታደርግ ነበር?"

"የጫማው ማሰሪያ የተፈታ ልጅ ካየች ሳታስርለት አታሳልፍም። አንዴ ትራፊክ ፖሊስ አስቁማ የእሱንም ጫማ አስራለታለች።"

"ስንት ጊዜ?"

"ፖሊሱን? ኧረ አንዴ!"

ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። እሱ ግን ኮስተር ብሎ "ፖሊስ አስቁማ ጫማ አሳሪ" ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ይመጣና "ሌላስ?" ይለኛል። "መንገዴ ላይ ስለሆንክ ነው" ይላል። ቤቱ ፕሪንስዳል ነው፤ ትሮስተሩድ በምንም በኩል መንገዱ አይደለም። ያንኑ "መንገዴ ላይ" ዘጠኝ ጊዜ ብሎኛል። ቆጥሬያለሁ፤ አልነገርኩትም።

እስካሁን እንደ "ጫማ አሳሪ" ያለ ስድስት ስም አግኝተንላታል። አርባዋ እሑድ ነው። የሕይወት ታሪኳ ገና አልተጻፈም፤ ሶፎንያስ ግን ነገም መጥቶ "ሌላስ?" ይለኛል።