የወንድይፍራው ጉልበቶች ሲመሰክሩ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከፐርሶኔል ቢሮ ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወንድይፍራው ሕልም አየ። ሌላው ሰው ሕልም የሚያየው ማታ፣ አልጋው ላይ፣ ደህና ተሸፋፍኖ ነው። እሱ ግን ፎርም ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በሥራ ሰዓት ነው ያየው። ደግሞስ ምን ዓይነት ሕልም!

ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ጭንቀቱን ልንገራችሁ፤ ጭንቀቱ ባይኖር ሕልሙም አይመጣም ነበር።

ወንድይፍራው የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ነው። መጋዘኑ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አርባ ሁለት። መጋዘን ፎቅ ላይ የሠራው መሐንዲስ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቢታወቅ ኖሮ በሰላም አያድርም ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ወንድይፍራው ሲቀጠር፣ ማስታወቂያው "ዕድሜ ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ" ይል ነበር። እሱ ያኔ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል። ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ አለበት። ምን ያድርግ? ሃያ ስድስት ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ስክሪብቶ ጣለ። ያን ቀን ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን "ዛሬ ወጣት ሆኜ መጣሁልሽ" አላትና አብረው ሳቁ።

ይኸው ሳቁ አለቀ። እውነተኛ ዕድሜው አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ፋይሉ ላይ ግን ሃምሳ። ደረጃ ሲወጣ የጉልበቶቹ ድምፅ ከእሱ ቀድሞ ፎቅ ይደርሳል። በዚህ ላይ ፋብሪካው ዘንድሮ አዲስ ነገር አመጣ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየስሙ ባንክ ውስጥ የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ሊከፍት ነው። ከደመወዙ ትንሽ ይቆረጣል፤ ፋብሪካውም ከራሱ ይጨምርበታል። ሠራተኛው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ገንዘቡን ይዞ፣ ተመስገን ብሎ፣ ቤቱ ይገባል። ድንቅ ነገር ነው! ፎርሙ ላይ ግን "የትውልድ ዘመን" የምትል አንዲት ክፍት ቦታ አለች። ከሥሯም "አንዴ ከተሞላ አይሰረዝም፣ አይደለዝም" የሚል ተጽፏል።

የፋይሉን ዕድሜ ከሞላ ገና አሥር ዓመት ደረጃ ሊወጣ ነው። እውነቱን ከሞላ አንድ ዓመት ብቻ ይቀረዋል፤ ነገር ግን "ዋሽተህ ነው የተቀጠርከው" ተብሎ ባዶ እጁን ሊባረር ይችላል። ፎርም የሚመለስበት የመጨረሻው ቀን ደግሞ ትናንት ነበር።

ፎርሙን ከፋይል ጋር የሚያመሳክረው የፐርሶኔሉ ኃላፊ አቶ ምትኩ ነው። ኮስታራ ሰው ነው። ፀጉሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ የጆሮው ጫፍ ላይም ሁልጊዜ ትንሽ ጥቁር ቀለም አይጠፋም። ትናንት ለምሳ ወጥቶ ስለነበር ወንድይፍራው አግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ከሱ ኋላ ሌሎች ሰባት ሠራተኞች ተሰለፉ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጉልበቱን ታሞቀው ጀመር። በቃ፣ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

የቢሮው በር ተከፈተና አቶ ምትኩ ወጣ። ወንድይፍራው ፊት ቆሞ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ።

"ጌታዬ፣ ተራ ቁጥሬ አንድ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው የቆምኩት" አለ።

ወንድይፍራው ዙሪያውን አየ። አግዳሚዋ ቢሮ ሆናለች። ከፊቱ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ላይ አፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። እጁ ላይ ማህተም አለ። ከአቶ ምትኩ ኋላ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተሰልፏል። ከሥራ አስኪያጁ ኋላ ደግሞ ባንኩ ራሱ ቆሟል፤ ከነሕንፃው፣ ከነጥበቃው፣ በሩን እንደ ካፖርት ቆልፎ።

"ምንድነው የፈለጋችሁት?" አለ ወንድይፍራው።

"የእርስዎን የጡረታ ሒሳብ ለመክፈት ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ። "እባክዎ አይጨክኑብን። ልጆች አሉን።"

ወንድይፍራው ይህችን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቃት እንደኖረ ያኔ ገባው። ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"ሲስተም የለም" አለ።

ወረፋው በሙሉ አቃሰተ።

"መቼ ይመጣል ጌታዬ?"

"ሻይ ጠጥቼ ስመለስ።"

ሻዩን ጠጣ። ሁለተኛም አስቀዳ። ስኳሩን ቀስ ብሎ አማሰለ። ማንም ከወረፋው ንቅንቅ አላለም። ኧረ እንዴት ደስ እንዳለው!

ተመልሶ ባንኩን በጣቱ ጠራው። "አንተ ረጅሙ፣ ና እስቲ።"

"አቤት" ብሎ ባንኩ ጎንበስ ሲል ሁለት መስኮት ረገፈ።

"መታወቂያ?"

"ይኸው።"

"ጉርድ ፎቶ?"

"አራት ይዣለሁ።"

ወንድይፍራው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። "ጆሮህ አይታይም።"

"ጌታዬ፣ እኔ ሕንፃ ነኝ። ጆሮ የለኝም።"

"እሱ እኔን አይመለከተኝም። ያላገባ ማስረጃስ?"

ባንኩ አንገቱን ደፋ። "አላገባሁም፤ ጥበቃዬ ይሙት አላገባሁም! ማስረጃውን ግን ቀበሌ የሚሰጠኝ ነገ ነው።"

"እንግዲያው ነገ ና።"

ይህን እንዳለ ወዲያው ነገ ሆነ። ባንኩም ማስረጃውን ይዞ፣ ሁለት የሲሚንቶ ጆሮ አስተክሎ፣ ከች አለ። እዚያ አገር ነገ ከተባለ እውነትም ይመጣል።

ወንድይፍራው ማህተሙን ሊመታ እጁን ሲያነሣ ኮሪደሩ ሰፋ፣ ሰፋና አዳራሽ ሆነ። ከፊት መድረኩ ላይ አንዲት ያረጀች አህያ መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። የጡረታ ቦርዱ ሰብሳቢ እሷ ናት።

"ከማህተሙ በፊት ዕድሜ ይጣራል" አለች። "ወንድይፍራው፣ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሃምሳ፣ እመቤቴ" አለ። ልማድ ሆኖበት ነው፤ አፉ ቀደመው።

ወዲያው ጥግ ላይ ያለው የፋይል ሣጥን በራሱ ጊዜ ተከፈተና ሰው ወጣ። የወጣው ወንድይፍራው ራሱ ነው። ጺሙ ጥቁር ነው፤ ለቅጥር በተነሣው ፎቶ ላይ ያለውን ኮት ለብሷል። ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። ሲራመድ ግን ይንኮሻኮሻል፤ ከእግር እስከ ራሱ ወረቀት ነውና።

"ሃምሳ ዓመቱ የሆነው እኔ ነኝ" አለ ወረቀቱ ወንድይፍራው። "ሒሳቡም የኔ ነው። ገና አሥር ዓመት ይቀረኛል። ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?"

"አንተ ባለጌ!" አለ ወንድይፍራው ከወንበሩ እየተነሣ። "እኔ ነኝ እኮ የወለድኩህ!"

"ማስረጃ አለህ? እኔ ፋይል አለኝ።"

አህያዋ ጠረጴዛውን በሰኮናዋ መታች። "ጸጥታ! በዚህ አገር ወረቀት አይመሰክርም። የሚመሰክረው የተሸከመ ነው። ጉልበቶቹ ይቅረቡ!"

ወንድይፍራው እግሩን ቀለል አለው። ሁለቱ ጉልበቶቹ ከሱሪው ውስጥ ወጡ፤ አቧራቸውን አራግፈው መድረኩ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። ቀኙ ቋ! አለና ማለ።

"ደረጃው ስንት ነው?" አለች አህያዋ።

"አርባ ሁለት። አሥራ ሰባተኛው ተሰብሯል፤ ስንት ጊዜ አመልክተናል።"

"በቀን ስንቴ ትወጡታላችሁ?"

"ሠላሳ። ጭነት የበዛ ቀን አርባ።"

"ግራ ጉልበት፣ አንተስ?"

ግራው ዓይን አፋር ነው። ትንሽ ተንተባተበ። "እኔ ከቀኙ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እስማማለሁ። ሰውየው ሲቀጠር የሠላሳ አምስት ዓመት ጉልበት ነበርኩ። ሃያ ስድስት ብሎ ሲጽፍ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። እንዴት እንደተንቀጠቀጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።"

የወንድይፍራው ዓይን እንባ አቀረረ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲሰድባቸው ነው የኖረው። "ይቅር በሉኝ" አላቸው።

"ይቅርታውን ተወውና ቅባት ግዛልን" አለው ቀኙ።

አህያዋ ወደ ወረቀቱ ዞረች። "አንተ ልጅ አለህ?"

"አለኝ እንጂ! ትልቋ ልጄ አስካለ ትባላለች።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሠላሳ ስምንት" አለና ወረቀቱ አፉን ያዘ። ግን ረፍዷል።

አህያዋ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ደመረች፣ ቀነሰች። "በአሥራ ሁለት ዓመትህ ነው የወለድካት?"

"ቶሎ ነው የጎረመስኩት" አለ ወረቀቱ፤ ነገር ግን ከዳር ከዳሩ መጨማደድ ጀምሯል። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጉልበቶቹ እየተንቋቁ ሳቁ።

"እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው" አለች አህያዋ። "ወንድይፍራው፣ ከራስህ አፍ ልስማው። ጮክ ብለህ።"

ወንድይፍራው ያችን ቁጥር ከቤቱ ውጭ ጠርቷት አያውቅም። ሠራተኞቹ ስለ ዕድሜ ወሬ ከጀመሩ ሽንት ቤት ይሄዳል። ሽማግሌ ሲሉት "ምን በወጣትነቴ!" እያለ ሁለት ካርቶን ደርቦ ይሸከማል። አሁንም አቶ ምትኩ ከወረፋው ውስጥ አፍጥጦ እያየው ነው። ፈራ። የእውነት ፈራ። ከዚያ ጉልበቶቹን አያቸው። ስለ እሱ ብለው ያለ እሱ ቆመዋል።

"ሃምሳ ዘጠኝ" አለ።

"አልሰማሁም" አለች አህያዋ፤ ያን ሁሉ ጆሮ ይዛ!

"ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው!"

ኧረ እልልታው! ባንኩ በሮቹን እያጋጨ አጨበጨበ። ማህተሙ በራሱ ዘሎ ፎርሙ ላይ ጧ አለ። ሒሳቡም ተከፈተ፤ ሲከፈት እንደ መስኮት ነበር የተከፈተው፣ ደስ የሚል አየርም ገባ። ወረቀቱ ወንድይፍራው በበሩ ሾልኮ ሊወጣ ሲል አህያዋ በጥርሷ ኮቱን ያዘችው።

"ወዴት ነው? አሥር ዓመት ይቀረኛል አላልክም? ካርቶኑ ያውልህ!"

ወረቀቱ ካርቶን ተሸክሞ አርባ ሁለቱን ደረጃ ተያያዘው። ሥራ አስኪያጁም ሁለት ካርቶን ደርቦ ተከተለው፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ "ይሄ ደረጃ ለምንድነው የማይሠራው!" እያለ ሲጮህ ተሰማ። ጉልበቶቹ ቅባት ተቀብተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሕዝቡ ወንድይፍራውን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣው። እንዲህ ያለ ደስታ ሠርጉ ቀን እንኳ አላየም።

"ስንት ዓመቱ ነው?" ይላል ሕዝቡ።

"ሃምሳ ዘጠኝ!" ይላል እሱ።

"ስንት?"

"ሃምሳ ዘጠኝ!"

"አልሰማንም!"

"ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው!" አለና ነቃ።

የመጨረሻዋን ያላት በሕልሙ አልነበረም። በአፉ ነው ያላት። ሰባቱ ሠራተኞች ፎርማቸውን እንደያዙ ያዩታል። አቶ ምትኩ ከምሳ ተመልሶ፣ የቢሮውን ቁልፍ ይዞ፣ ራስጌው ቆሟል።

"ምን አሉ?" አለ አቶ ምትኩ።

ወንድይፍራው ፎርሙን ከደረቱ ላይ አነሣ። አለቀልኝ፣ አለ በልቡ።

"ፋይልዎ እኮ ሃምሳ ነው የሚለው።"

"አዎ፣ ፋይሌ እንደዚያ ይላል።"

"አሁን ያሉትስ?"

"አሁን ያልኩት እውነቱን ነው" አለ ወንድይፍራው። ይህን ሲል ጉልበቶቹ አልተንቀጠቀጡም። ራሱንም ገረመው።

ከዚያ ከወረፋው ሦስተኛዋ፣ የማሸጊያ ክፍሏ እትዬ ጥሩወርቅ፣ "እኔ ስድስት ነው የቀነስኩት" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ አራት" አለ ከኋላዋ ያለው።

"እኔ ሰባት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ" አለ አንዱ ከጫፍ።

የሰባቱም ፎርም ላይ "የትውልድ ዘመን" የምትለው ቦታ ባዶ ናት። አቶ ምትኩ ግራ ቀኙን አየ። የጆሮውን ጫፍ በጣቱ ጠረገ፤ ጣቱ ጠቆረ። ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ፎርም አወጣ። የራሱ ፎርም ነው። እሱም ባዶ ነው።

"አሥራ አንድ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጥሩወርቅ ልትችል ሞከረች፤ አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ተከተላት።

"ታዲያ እርስዎ ምን ሊጽፉ ነው?" አለ አቶ ምትኩ።

ወንድይፍራው ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እውነተኛውን ዓመት በትልቁ ጻፈ።

"እንግዲህ ሁላችንም እንጽፋለን" አለ አቶ ምትኩ ትንፋሹን ለቅቆ። "ይህን ሁሉ ሰው ቢያባርሩ ሳሙናውን ማን ሊሠራላቸው ነው!" ብሎ በሩን ሊከፍት ሄደ።

"ቆይ እንጂ አቶ ምትኩ" አለ ወንድይፍራው። "ወረፋ አለ እኮ።"

አቶ ምትኩ ወረፋውን አየው። ከዚያ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ፣ ከሰባተኛው ሰው ኋላ ሄዶ፣ የገዛ ቢሮው ደጃፍ ላይ ተሰለፈ።