በቃኝ ማለት የማትችል አበባ

እኛ ሰዎች «በቃኝ» የሚለውን ቃል አናምንም። እንግዳ ጠገብኩ ሲል ድርድር የጀመረ ነው የሚመስለን። «በሞቴ!» እንለዋለን፤ እሱም እንዳንሞትበት ሆዱን እስኪያመው ይበላል። እንግዳ ደግነቱ እግር አለው፤ ሲብስበት ይሄዳል። እግር የሌለውስ?

ይህን ያነሳሁት በቆንጂት አበባ ምክንያት ነው። ቆንጂት እዚህ አምቦ ከጎኔ ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ናት። አበባ አልኩ እንጂ አብባ አታውቅም፤ እኛ በቆርቆሮ የተተከለውን ሁሉ አበባ ነው የምንለው። ቆንጂት ግንጣዩን ያመጣችው ከሟች እናቷ ቤት ነው። ቤቱ ተሽጧል፤ ከእናቷ እጅ የቀራት ይህችው ቅጠል ብቻ ናት። ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠቻትና «እትዬ ሙሉ፣ አደራዎን!» አለችኝ።

እኔ ትምህርት ብዙ አልገፋሁም እንጂ መጽሐፍ ላይ አልሰንፍም። አንብቤያለሁ፦ ጣትን አፈሩ ውስጥ መስደድ ነው። ደረቅ ከሆነ ከሥር በቀዳዳው እስኪወጣ ማጠጣት፤ እርጥብ ከሆነ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ። በቃ።

ግን ጣቴን በሰደድኩ ቁጥር ጭቃ! እኔ ጠብታ አላፈሰስኩ፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። አንድ ጠዋት ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አከራያችን ኦቦ ለታ ፊታቸውን ታጥበው ሲያበቁ የጆጉን ትራፊ ገለበጡላት። ቀጥላ ባለሱቋ ዘይነባ መጣች፤ ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ ጋዝ ያለው ውሃ ይዛ።

«ጠጪ የኔ እናት፣ ሆድሽን ያቀልልሻል» ትላታለች!

ዘልዬ ወጣሁ። «ልትገድሏት ነው እንዴ?»

«ማሎ! ውሃ እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም» አሉ ኦቦ ለታ።

«ባለቤቷ የለች፣ አሳዘነችኛ!» አለች ዘይነባ። «ደሞ አንቺን መቼ ስታጠጪ አየንሽ?»

ጨካኟ እኔ ሆኜ አረፍኩት። አንስቼ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ደበቅኋት። ምን ዋጋ አለው! ታማለች ተብሎ ተወራ። የታመመ ደግሞ ይጠየቃል፤ ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። በር ላይ ተገትሬ «ሐኪም ውሃ ከልክሏታል» ስል ሰነበትኩ።

«ለስላሳም?» አለችኝ ዘይነባ።

ቆንጂት የተመለሰች ዕለት አበባዋ ጥቅልል ያለ አዲስ ቅጠል ብቅ አድርጋ ነበር። እሱን እየዳሰሰች ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ ሙሉ፣ ምን ቢያደርጉላት ነው?»

«ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ግን በዚህ ሰፈር ምንም አለማድረግን የሚያህል ልፋት እንደሌለ ለማን ይነገራል? ምስጋናዬን ልሰማ ወንበር ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ ግን ቅጠሏን ሳም አደረገችና፣ «ውይ የኔ ምስኪን፣ እንዴት ተጠምተሽ ይሆን!» ብላ ጆጌን አነሳች።

ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆና «እሰይ! ባለቤቷ መጣችላት» አለች።

ደግነቱ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ ጠባያችንን አውቃለሁ። ጆጉን ቀድሜ ባዶ አድርጌዋለሁ።