ሶፍትዌርም ዋስ ይጠራል

ነፃ ነገር ሲገኝ ማን ነው ቁጭ ብሎ ውሉን የሚያነብ? እውነቱን እንነጋገር። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ስንት ዓመቴ፣ «ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ስጫን እንጂ ከላይዋ ያለውን ሳነብ ያየኝ የለም።

ታዲያ ቡሬ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የምርጥ ዘር ክፍፍል መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሥሪልን አለኝ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነው። ግማሹን ራሴ ሠራሁት። ግማሹን ኢንተርኔት ላይ ሰዎች በነፃ ከለቀቁት ኮድ ወሰድኩ። ስማቸውን ጽፈውበት ነበር፤ አጠፋሁና የራሴን ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ ስሜ ያምራል።

ላስረክብ ስሄድ ሊቀመንበሩ አያ ታከለ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና ዋስሽ ማን ነው አሉኝ። የምን ዋስ? አልኳቸው። በሬ ስንገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ ነገ ባለቤቱ የእኔ ነው ብሎ ቢመጣ የምንይዘው ሰው እንፈልጋለን፤ ይኼስ የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን አሉ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ዋሱም እኔው ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ቤቴ ስገባ ፊርማዬ ይከነክነኝ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ የኮዱን ፈቃድ አነበብኩት። ሰዎቹ ምን ይላሉ? ተጠቀሙበት፣ ለውጡት፤ ለሌላ ስትሰጡ ግን ኮዱን ሰው እንዳያየው አትቆልፉ፣ ስማችንንም አታጥፉ። ችግር ቢያመጣባችሁ ደግሞ እኛ የለንበትም። እኔ ደግሞ ቆልፌዋለሁ፣ ስማቸውንም አጥፍቻለሁ። እንግዲህ ሌባዋም እኔ፣ ዋሷም እኔ። ባለቤቶቹ ቢመጡ ጣጣው ለማኅበሩም ይተርፋል፤ እኔም በዚያ አገር ሁለተኛ የሚያሠራኝ የለም። ፈራሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ስማቸውን መለስኩ፣ ኮዱን ሳልቆልፍ በፍላሽ ገለበጥኩ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ለአያ ታከለ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሥራውን እንደሚነጥቁኝ አልተጠራጠርኩም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ባለቤቶቹ መጡብሽ ወይ አሉ። ኧረ አልመጡም አልኳቸው። ይኼን ሁሉ ዘመን ከብት ስገዛ፣ ባለቤት ሳይመጣበት በገዛ እግሩ የመጣ ዋስ አይቼ አላውቅም ብለው ሶፍትዌሩን ተቀበሉኝ። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

እውነት መናገር ያስከብራል፣ አይደል? ያስከብራልማ። አያ ታከለ ወሬዬን ለገበያው ሁሉ አዳረሱት። ዛሬ ቡሬ ላይ ከብት የሚገዛ ሰው ሌላ ዋስ አልቀበልም እያለ እኔን ያስጠራል። እንቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ባለፈው ገበያ ለአንዲት በቅሎ ፈረምኩ። ሻጩን አላውቀውም። በቅሎ ደግሞ የሚነበብ ፈቃድ የላትም።