የጃኬቱ ሌዘር እና የወንድሜ ማስተርስ

ሰዎች፣ ዛሬ በገዛ ጣቶቼ የወንድሜን ማስተርስ ልገድለው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ቦዲቲ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነው። አራት ክረምት ሶዶ እየተመላለሰ ተምሮ ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያቀርብበት ዲፌንስ ነበረው። እኔ እዚሁ ሶዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ታይፕ አደርጋለሁ። ጽሑፉን ትናንት ልኮልኛል፤ ከቨሩን፣ የፊት ገጹን፣ ግን ረስቷል።

ጠዋት ከሚኒባስ ውስጥ ደወለ። "ርዕሱን ልንገርሽ፣ ቶሎ ጻፊው!"

"ሌዘር ኩሊንግ..." ብሎ ጀመረ። ሶዲየም አለ፣ ጻፍኩ። አተም ሲል አተምኩ! ጠረዝኩና ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው በረርኩ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሸበቶ ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከቨሩን አዩ።

"ቆዳ ማቀዝቀዝ? የጫማ ፋብሪካ ልትከፍት ነው?"

ለካ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት የጃኬቱን ሌዘር ነው! የብርሃኑን ሳይሆን የቆዳውን! እኛ አፍ ላይ ሁለቱም ሌዘር አይደሉም እንዴ?

ያውም በሌዘር ፕሪንተር ነው ያተምኩት!!

ሰው ሳቀ። ወንድሜ አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት መቼ አውቄ፣ ከኋላ ብድግ! "ጥፋቱ የኔ ነው! እሱ የለበትም!"

"አንቺ ማነሽ?"

"እህቱ። ታይፒስቷ።"

ፈታኙ ወደ ወንድሜ ዞሩ። "እንግዲያው መጀመሪያ እሷን አስረዳት። ካልገባት እኛም አልገባንም።"

አለቀልን አልኩ። እኔና ፊዚክስ እኮ አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው!

ወንድሜ ላቡን ጠረገ። "ሶዲየም የብረታ ብረት ዘር ነው። ሲተን አተሞቹ እንደ እብድ ይሮጣሉ፤ ሙቀት የምንለው ያንን ሩጫ ነው። ከስድስት አቅጣጫ የሌዘር ብርሃን እንለቅባቸዋለን። አተሙ ወደየትም ሲሮጥ ከፊቱ የመጣው ብርሃን መልሶ ይገፋዋል። ሩጫው ሲዳከም ቀዘቀዘ እንላለን። ከዚያ በማግኔት ታግዘን መሃል ላይ እንይዘዋለን።"

"እንደ መናኸሪያ ረዳቶች?" አልኩት። "ወዴትም ብሮጥ አንዱ 'ቦዲቲ! ቦዲቲ!' እያለ ፊቴ ይገተራል። በመጨረሻ ከነሻንጣዬ መሃል ላይ ቀጥ!"

ፈታኙ ጠረጴዛውን መቱ። "ይኸው ገባት!"

ከዚያ በኋላ ወንድሜ የጠየቁትን ሁሉ እየሳቀ መለሰ።

አለፈ! ጌታ ይባረክ! እፎይ! አስተካክል የተባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቨሩን።

በሩ ላይ አቀፈኝና "አንቺ ጉድ!" ብሎ ፀጉሬን አመሰቃቀለው።

ግን እስቲ ፍረዱኝ። የተፈተንኩት እኔ፣ የመለስኩት እኔ፣ ማስተርሱ የሱ! ይሄ ፍትህ ነው?