ባለ አንድ ዓይኗ ፈረንሳዊት

ሥዕል አዋቂ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ካምፓላ፣ ሜንጎ ላይ አንድ አለኝ። አቶ ግርማ ከፓሪስ ያመጧትን፣ በጎን የተሳለች የድሮ ፈረንሳዊት ወይዘሮ ሥዕል ሳሎናቸው ሰቅለው «የቤታችን ንግሥት» ይሏታል።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሲመጡም የአቶ ግርማ ወሬ እሷው ሆነች።

«የብሩሽ ምልክት እንኳ አይታይም እኮ! የቀሚሷ እጥፋት እብነ በረድ አይመስልም?»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ትክ ብለው አዩዋት።

«ሁለተኛው ዓይኗስ? በቤተ ክርስቲያናችን በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው። ለመሆኑ የልጅቷ ዘመድ ናት?»

እንግዲህ ልጅ መዳር ቀላል ነው? አቶ ግርማ ብድግ አሉ።

«ኧረ በፍጹም! አላውቃትም!»

ልጅቷም ተፈቀደች። ጴጥሮስን እግዚአብሔር ይቅር ብሎታል፤ እሱ እንኳ ለመካድ እንዲህ አልፈጠነም።